ለሃምሳ የተካፈለ መድረክ

ጋሽ ሃምሳ የተባለው ሃምሳ ዓመት ስለሞላው አይደለም። ስሙ ሲወጣለት ሃምሳ ስድስተኛውን ሊደፍን ነበር። ስሙን ያወጣሁለትም እኔ ነኝ። ቲያትር ቤታችን ውስጥ ስም የማይወጣለት ሰው የለም፤ እኔንም የድምፅ ሠራተኛ ስለሆንኩ «ጆሮ» ይሉኛል። የእኔ ስም ግን ማንንም አልጎዳም። ይህን የማወራው ይቅርታ ፍለጋ እንዳይመስላችሁ። ይቅርታ ቢያምረኝ ሰውየውን በየቀኑ ደረጃው ላይ አገኘዋለሁ፤ አፍም አለኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት የመድረክ መብራት ፕላን ሲሥል የኖረ ሰው ነው። አንድ ቲያትር ከመታየቱ በፊት የትኛው መብራት የትኛው ቧንቧ ላይ እንደሚሰቀል፣ ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል፣ ወዴት እንደሚዞር፣ ኬብሉ በየት ወርዶ የት እንደሚሰካ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ሰቃዮቹ ያንን ወረቀት ይዘው መሰላል ይወጣሉ። ወረቀቱ ከተሳሳተ መብራቱ ንጉሡን ትቶ በሩን ያበራል። የእሱ ወረቀት ግን ተሳስቶ አያውቅም። እርሳሱን በምላጭ ይቀርጻል፤ ሲያሰምር ምላሱ በከንፈሩ ጥግ ብቅ ትላለች፤ የላጲሱን ብናኝ ጠርጎ መዳፉ ላይ ይሰበስባል እንጂ መሬት አይደፋም። የሚሥለውም ምንጊዜም «በሃምሳ» ነው፤ የመድረኩ ሃምሳ ሳንቲሜትር ወረቀቱ ላይ አንድ ሳንቲሜትር ይሆናል ማለት ነው። አሥራ ሁለት ሜትር ከሠላሳ የሆነው የመድረካችን ወርድ ሃያ አራት ነጥብ ስድስት ሳንቲሜትር ሆኖ ይሠመራል። ካልኩሌተር ነክቶ አያውቅም። ቁጥሩን ተናግራችሁ ሳትጨርሱ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አካፍሎ ይመልስላችኋል።

እኔን ሰው ያደረገኝም እሱ ነው። ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ኬብል ስጠቀልል አይቶ፣ «አንተ፣ ምን አደረገህና ታንቀዋለህ? ለቀቅ አድርገው እንጂ» አለኝና ከእጄ ወስዶ አሳየኝ። ሞንታርቦ ከጣሪያ እንዴት እንደሚሰቀል፣ ክብደቱ ለየትኛው ብረት እንደሚከፋፈል፣ የሞንታርቦውንም ፕላን እንዴት እንደምሥል ያስተማረኝ እሱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት «ጆሮዬ» እያለ ጠራኝ። ልጅ አልነበራቸውም፤ እሱና ባለቤቱ።

ከዚያ ኮምፒውተሩ መጣ። መሥሪያ ቤቱ የመብራትና የድምፅ ፕላን መሥሪያ ፕሮግራም ገዛና የሁለት ሳምንት ሥልጠና አዘጋጀ። እኔ ሄድኩ፤ አናጢው ሄደ፤ የመጋረጃ ሠራተኛው ሳይቀር ሄደ። እሱ ቀረ። በዚያው ሰሞን ትርኢት ነበርና ኃላፊያችን ጠርታው፣ «እርስዎ ከሌሉ እኮ ይሄ ቤት ይጨልማል» አለችው። ደስ አለው። ለሁሉም ሰው አወራው። ሰውን በሙገሳ መግደል እንደሚቻል ያኔ ነው ያየሁት።

ከሥልጠና ስንመለስ ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ ከእንግዲህ በእርሳስ የተሠራ ፕላን ተቀባይነት የለውም ይላል። በማግስቱ በርጩማውን ይዞ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ጆሮዬ፣ እስቲ አሳየኝ።»

አንድ ሰዓት ያህል አሳየሁት። መስመር እንዲህ ይሠመራል፣ ይሄ ይቀዳል፣ ይሄ ይሰረዛል፣ ሲያልቅ እዚህ ጋ ነክተህ ታትመዋለህ። ፈጣን ነበር፤ አንዴ ያየውን ሁለተኛ አይጠይቅም። ልንነሣ ስንል፣

«በስንት ነው የምንሥለው?» አለኝ።

ይህ ጥያቄ ለምን እንዳሳቀኝ ልንገራችሁ። ኮምፒውተር ላይ «በስንት» የሚባል ነገር የለም። አሥራ ሁለት ሜትሩን አሥራ ሁለት ሜትር አድርጋችሁ ትሥላላችሁ፤ ወረቀት ላይ ሲወጣ የሚያሳንሰው ማሽኑ ነው። ሥልጠናው ላይ የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያው ትምህርት ይሄ ነበር። እርሳስ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ይህን አይጠይቅም፤ እንዲህ የሚጠይቅ ዕድሜውን በእርሳስ የጨረሰ ሰው ብቻ ነው።

«በሃምሳ ነዋ ጋሼ! በስንት ሊሆን ኖሯል?» አልኩት።

ቀልድ ነበር። ይስቃል ብዬ ነበር። እሱ ግን ፊቱ በራ። «እኔስ ምን አልኩ! መድረክ መድረክ ነው» አለና በርጩማውን አንሥቶ ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። እኔ ግን ልመልሰው እችል ነበር፤ አምስት እርምጃ እንኳ አልራቀም። ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

በማግስቱ አካፍሎ መሣል ጀመረ። የአሥራ አንድ ሜትሩን ቧንቧ ሃያ ሁለት ሳንቲሜትር፣ የዘጠኝ ሜትሩን ጥልቀት አሥራ ስምንት ሳንቲሜትር እያደረገ መላውን አዳራሽ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገነባው። ታዲያ ፕሮግራሙ ውስጥ ተሥለው የተዘጋጁ መብራቶች አሉ፤ ጎትታችሁ ታስገባላችሁ። እነሱ ደግሞ በእውነተኛ ልካቸው ናቸው። የመጀመሪያውን ጎትቶ ሲያስገባ መብራቱ መድረኩን አክሎ ቁጭ አለ።

«ይሄ ማሽን ጤና የለውም እንዴ?» ብሎ ጠራኝ። «መብራት አምጣ ብለው ቤት አመጣብኝ።»

«ማሳነስ ነው ጋሼ» አልኩት።

አሳነሰ። እያንዳንዱን እያሳነሰ አስገባ። በሁለተኛው ሳምንት፣ አንዱን አሳንሶ መቅዳት እንደሚበቃ ማንም ሳይነግረው ደረሰበትና እስከ ምሳ ድረስ ሲያፏጭ ዋለ። ፕሮግራሙ የቧንቧውን ርዝመት ራሱ ለክቶ «ሃያ ሁለት ሳንቲሜትር» ብሎ ሲጽፍበት ግን ይናደዳል። ቁጥሩን ይሰርዝና በእጁ «አሥራ አንድ ሜትር» ብሎ ይተካዋል። «አንተ ማሽን፣ አታውቅም፤ እኔ ነኝ የማውቀው» እያለ።

እኛ ከኋላው በሳቅ እንፈርሳለን። ነገሩን ለአናጢው የነገርኩት እኔ ነኝ። አናጢው ሆዱን ይዞ ወለሉ ላይ ቁጭ እስኪል ሳቀ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍሉ ደጃፍ ባለፈ ቁጥር፣ «ጋሼ፣ አሥራ ሦስት ሜትር ከስልሳ አምስት!» ይለዋል። «ሃያ ሰባት ነጥብ ሦስት!» ይመልሳል እሱ፣ ቀና እንኳ ሳይል። ችሎታው አስደንቋቸው የሚጠይቁት ይመስለው ነበር። ጋሽ ሃምሳ አልኩት። ስሙን ሲሰማ ወደደው።

ስሕተቱ እንዳይታወቅበት ያደረገው ነገር ደግሞ፣ ወረቀቱ ልክ መውጣቱ ነው። አሳንሶ ስለሣለው «እንዳለ አትም» ብሎ ያትመዋል፤ ድሮ በእርሳስ ከሚሠራው ጋር ቁርጥ አንድ ይሆናል። ሰቃዮቹ ማስመሪያቸውን አስጠግተው ይለካሉ፤ ይሰቅላሉ፤ ትርኢቱ ይበራል። አምስት ወር እንዲህ ሄደ። ሁለት ጊዜ ልነግረው አስቤ ነበር። የመጀመሪያው ላይ ሥራ በዝቶብኝ ነበር። በሁለተኛው አፈርኩ፤ እስካሁን ለምን ዝም አልክ ቢለኝ መልስ አልነበረኝም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ድልድል መጣ። ድልድል የሚሉትን ነገር መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንድ ጠዋት አዲስ መዋቅር ይመጣና ሁለት ወንበር አንድ ይሆናል። የመብራት ፕላኑም የድምፅ ፕላኑም በአንድ ሰው ይሠራ ተባለ። እሱና እኔ ለአንዱ ቦታ ልንመዘን ሆነ። ምዘናው ደግሞ እያንዳንዳችን በኮምፒውተር የሠራነውን ፕላን በመዛኞች ፊት ማቅረብ ነው። ያላለፈው ዕቃ ክፍል ወርዶ ኬብል ያድላል። ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም።

ከዚህ በኋላ ቀልድ ነበር ማለት አልችልም። ከዚህ በኋላ ዝም ያልኩት አስልቼ ነው።

ምዘናው አሥር ቀን ሲቀረው እሑድ ምሳ ጠሩኝ። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ በመስኮቱ አጠገብ የድሮው መሣያ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ በካርቶን የተሠራ ኪቦርድ አየሁ። እያንዳንዱን ፊደል በማስመሪያ አሥምሮ፣ በቀለም ጽፎ፣ ጣቶቹን የሚያለማምድበት ነው። ኮምፒውተር ቤታቸው የለም።

«አየኸው የኔን ተማሪ?» አለችኝ ባለቤቱ። ጉልበቷን ያማታል፤ ወንበሩን እየተደገፈች ነው የምትሄደው። «ማታ ማታ እኔ ሜትሩን እጠራለታለሁ፣ እሱ ይመልስልኛል። እኔም ለሃምሳ ማካፈል ቻልኩ እኮ። እስቲ ጠይቀኝ።»

«ተዪ እንጂ አንቺ» አለ እሱ እየሳቀ።

«ይጠይቀኝ እንጂ! ጠይቀኝ ልጄ።»

ምን ልበል? «ሰባት ሜትር ተኩል» አልኳት።

ጣቷን አንሥታ ጣሪያውን አየች። «አሥራ… አሥራ አምስት!» አለች። ጋሼ አጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ። ሳህኔን ከሁሉም አስቀድማ ሞላችልኝ። «አንተ ባትኖር እኮ በዚህ ዕድሜው ማን ያስተምረው ነበር? ሌሎቹ ናቁት። አንተ ግን ሰዓትህን ሰጠኸው» አለችኝና እጄን ያዘች።

ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቴን ነው። አሥር ቀን ሙሉ ነበረው፤ ለእሱ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ደግሞ ምድር ቤቱን አሰብኩ። እዚያ ውስጥ ራሴን አየሁት፣ ኬብል ስቆጥር። አፌን በጉርሻ ዘጋሁት። በልቼ፣ መርቀውኝ፣ በር ድረስ ሸኝተውኝ ሄድኩ።

የምዘናው ቀን ኮት ለብሶ መጣ። ተራው የመጀመሪያው እሱ ነበር፤ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተራዬን እጠብቃለሁ። መዛኞቹ ሦስት ናቸው፤ ኃላፊያችን፣ ከሰው ኃይል የመጣች ጸጥተኛ ሴት፣ ከሌላ መሥሪያ ቤት የተጋበዘ መነጽራም ባለሙያ። ፕላኑ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ሲወጣ ሦስቱም ከወንበራቸው ሰገግ አሉ። እንዲህ ያለ ሥዕል በዚያ ቤት ተሠርቶ አያውቅም። መቶ አሥራ ስምንት መብራት አንዱ ከአንዱ ሳይነካካ፣ የእያንዳንዱ ቁጥር በራሱ ቦታ፣ ኬብሎቹ እንደ ተበጠረ ፀጉር። ኃላፊያችን፣ «እርስዎ ነዎት ይሄን የሠሩት?» አለችው። እሱ ኮቱን ወደ ታች ሳብ አደረገ።

«ግሩም ነው» አለ መነጽራሙ። «እስቲ የኬብሉን ድምር ፕሮግራሙ ያውጣልን።» ራሱ ጎንበስ ብሎ ነካው።

አሥራ ስምንት ሜትር ከሰማንያ።

«ለመላው መድረክ?» አለ መነጽራሙ። የመድረኩን ወርድ አስለካው። ሃያ አራት ነጥብ ስድስት ሳንቲሜትር። መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ መልሶ አጠለቀ። «ይሄ መድረክ እኮ የእኔ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።»

መጀመሪያ የሣቀችው ጸጥተኛዋ ናት። ከዚያ ኃላፊያችን ከንፈሯን ነክሳ ብትታገልም አልቻለችም።

«መብራቱ ደግሞ ከወለል አሥራ ሦስት ሳንቲሜትር ላይ ነው የተሰቀለው» አለ መነጽራሙ፤ ጨዋታው ደርቶለታል። «ተዋናዮቹ በሆዳቸው እየተሳቡ ነው የሚሠሩት? ወይስ ጉንዳን ቀጥራችኋል?»

ጋሼም ሣቀ። ማሽኑ ላይ የሚሥቁ መስሎት አብሯቸው ሣቀ። «አዎ፣ ቁጥሩን ያሳስታል እሱ» አለ። «ለሃምሳ ስለተካፈለ ነው። በሃምሳ ያባዙታል፣ ልክ ይመጣል።»

ሣቁ ቆመ። «ኮምፒውተር ላይ በሃምሳ ይሣላል ያለዎት ማነው?» አለች ኃላፊያችን።

ዘወር ብሎ አየኝ። የሚከሰኝ አይመስልም ነበር፤ ምስክሩን የሚጠራ ሰው ፊት ነው ያየሁት።

«ጆሮዬ፣ ንገራቸው እስቲ። በሃምሳ ብለኸኝ የለም?»

አራቱም እኔን አዩኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «እኔ? እንደሱ ብዬህ አላውቅም ጋሼ» አልኩ። ይህም አልበቃኝም። «የመጀመሪያ ቀን ትምህርት እኮ ነው፤ ማንም ያውቀዋል» ብዬ ጨመርኩበት። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው።

ፊቱ አመድ መሰለ። የሚይዘው የሚጨብጠው አጥቶ ኮቱን ቆለፈ፤ ፈታ፤ ቆለፈ። ከዚያ ወደ መዛኞቹ ዞረና፣ «እንግዲህ እኔ ተሳስቼ ሰምቼ ይሆናል። ዕድሜ ነው» አለ። ጥፋቱን ራሱ ላይ አድርጎ ለእኔ መንገዱን ለቀቀልኝ። የእኔን ፕላን በሩብ ሰዓት አይተው ጨረሱ።

በሳምንቱ ደብዳቤው ደረሰን። ቦታው ለእኔ ሆነ፤ እሱ ዕቃ ክፍል ወረደ። አናጢው ለአንድ ሁለት ቀን እንደ ልማዱ «ጋሼ፣ አራት ሜትር ከሃያ!» እያለ በደረጃው ወደ ታች ጮኸ። መልስ ሲያጣ ተወው።

አንድ ወር ቆይቶ አዲስ ቲያትር መጣ፣ ፕላን ሥራ ተባልኩ። እኔ የሣልኩት አዳራሽ ግምት ነው፤ ለምዘና በቃ እንጂ መብራት አይሰቀልበትም። የእያንዳንዱ ቧንቧ፣ የእያንዳንዱ ምሰሶ እውነተኛ ልክ ያለው በእሱ ፋይል ውስጥ ነው። ከፈትኩት። ሁሉንም መረጥኩ፣ «አሳድግ» የሚለውን ነካሁ፣ ሃምሳ ብዬ ጻፍኩ፣ አዘዝኩ። አራት ሰከንድ ያህል ፈጀ። መድረኩ አሥራ ሁለት ሜትር ከሠላሳ ሆነ። ቧንቧዎቹ አሥራ አንድ ሜትር ሆኑ። በእጁ የጻፋቸው ቁጥሮችና ማሽኑ የለካቸው ቁጥሮች አንድ ሆኑ። ያሳነሳቸው መብራቶች ወደ እውነተኛ ልካቸው ተመለሱ። የኬብሉ ድምር ዘጠኝ መቶ አርባ ሜትር። አንዲት ሚሊሜትር አላጎደለም። ከታች በኩል «ሠሪ» ከሚለው ጎን የተጻፈውን ስሙን አጠፋሁና የእኔን ጻፍኩ።

ከኋላዬ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። የኬብል ወጪ ቅጽ ሊያስፈርመኝ ከምድር ቤት ወጥቶ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም።

«ይኸው ነበር?» አለ።

«አዎ።»

«ሃምሳ ብሎ መጻፍ ብቻ?»

«ብቻ።»

ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየው። ስሙ የነበረበትንም ቦታ አየው። «ጆሮዬን አስመርምሬ ነበር» አለ። «ባለቤቴ ካልታየህ ብላ ወሰደችኝ። ምንም አልሆነም፣ ደህና ነው አሉኝ።»

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሣሁ።

«ያን ቀን፣ እዚያ ክፍል ውስጥ፣ ይሄን ታውቅ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር፤ ለምጄዋለሁ። ደከመኝ መሰለኝ። «አውቅ ነበር» አልኩት።

«ምሳ የበላህ ዕለትስ?»

«አውቅ ነበር።»

ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ በመዳፉ አስተካከለው፤ እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ ከጎኑ አኖረ። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለ።

አጥርቼ ያልሰማሁ መሰለኝ። «ምን አልከኝ ጋሼ?»

«ከታች በኩል። ቀኑንም ይጻፉበት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ «አንተ» ብሎኝ አያውቅም። ዕቃ ክፍል ስገባ ከወንበሩ ይነሣል። «እንደምን አደሩ፣ ምን ልታዘዝ?» ይለኛል። ሰው ሁሉ ሹመቴን አክብሮልኝ ነው የሚመስለው፤ አናጢውማ፣ «ትልቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው፣ ቂም አያውቅም» ይላል። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን በሩን ዘግቼ፣ «በፈጠረህ ጋሼ፣ ስደበኝ፣ በጥፊ ምታኝ፣ አንተ በለኝ» አልኩት። ኬብሉን መጠቅለሉን አላቋረጠም። «ኧረ እንዲህ አይበሉ፣ እርስዎ» አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ባለቤቱ ምሳውን ይዛለት መጣች። ደረጃው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ስታሽ አየኋትና ሮጬ ወርጄ፣ «እትዬ!» አልኳት። ወንበሩን ተደግፋ፣ እያመማት፣ ቀጥ እስክትል ተነሣች።

«ደህና ነዎት?» አለችኝ።